ኮሚሽኑ በቃል፣ ስንብቱ በደብዳቤ

«ታርጌት ከመታህ የደመወዝህን እጥፍ ታገኛለህ» ተብሎ ሽያጭ ላይ የሚቀጠር ወጣት ብዙ ነው። ታርጌቱ ሲመታ ግን ኮሚሽኑ «በሚቀጥለው ወር» ይባላል። ደጋግሞ ሲጠይቅ የስንብት ደብዳቤ ይደርሰዋል፤ ምክንያቱ «ዝቅተኛ የሥራ አፈጻጸም»።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 53 ኮሚሽንን ከደመወዝ አይቆጥረውም። ይህ ማለት ግን አሠሪው የተስማማበትን ይከልክል ማለት አይደለም፤ ውል ውል ነው። ችግሩ ማስረጃው ላይ ነው፤ ስሌቱ ካልተጻፈ ሠራተኛው በምን ያስረዳል?

ስንብቱም ቢሆን እንዲሁ በዘፈቀደ አይደለም። በዝቅተኛ ውጤት ያለማስጠንቀቂያ ለማሰናበት፣ ሠራተኛው እየቻለ ውጤቱ በኅብረት ስምምነት ወይም በሁለቱ ወገኖች ስምምነት ከተወሰነው በታች ሆኖ መቀጠል አለበት። አለቃ ብቻውን ያወጣው ቁጥር አይበቃም።

ስለዚህ ስትቀጠሩ ፐርሰንቱን፣ የሚከፈልበትን ቀንና ሥራ ስትለቁ ያልተከፈለው ኮሚሽን ምን እንደሚሆን አስጽፉ። የቴሌግራም መልእክቱንም አታጥፉ። «ዛሬ ነገ» ሲሏችሁ ቀኑን ቁጠሩ፤ ወደ ሥራ ለመመለስ ክስ የሚቀርበው በ3 ወር፣ ላልተከፈለ ገንዘብ በ6 ወር ውስጥ ነው።

አሠሪዎችም ብትሆኑ ለስንብቱ ያልሰነፈ እጃችሁ ለኮሚሽኑ ውል አይስነፍ። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል።