ውሃ የማያቀብሉት መንገደኛ

እኔ ሰሞኑን ገብስ ሳስፈትግ፣ ስቆላና ስነፋ ነው የሰነበትኩት። ቤታችን ሰርግም ሱባኤም የለም። ዴንቨር የሚኖረው ታናሽ ወንድሜ አምስት ኪሎ በሶ ላኪልኝ ብሎኝ ነው።

«እዚያ ያለው የሐበሻ ሱቅ ምን ሆነ?» አልኩት።

«ሞከርኩት እትዬ፤ ለሆዴ ከበደኝ። ሦስት ጊዜ የተነፋ ነው የምፈልገው። ለውድድር ነው።»

ይህን የሚለኝ ጎረምሳ እንዳይመስላችሁ። አርባ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ጸጉሩ ከእኔ ቀድሞ ሸብቷል፤ ሁለት ልጆች አሉት። የዛሬ አራት ዓመት ሐኪም «ስኳርህ ድንበር ላይ ነው፤ ተንቀሳቀስ» ሲለው ያገለገለ ብስክሌት ገዛ። እኛም እሰይ አልን። ባሕር ዳር ሳለን በሩብ ሰዓት እየተከራየ፣ የዳቦ መግዣውን ሳንቲም ለብስክሌት አከራይ እየሰጠ ስንት ጊዜ ተገርፎበታል። ስኳሩም ወረደለት። እዚያ ላይ ቢያቆም ኖሮ ዛሬ የምጽፈው ስለ ሌላ ነገር ነበር።

ውድድሩ አንባውንድ ግራቭል ይባላል። ካንሳስ ውስጥ ኤምፖሪያ ከምትባል ትንሽ ከተማ ይነሳል። እ.ኤ.አ. በ2006 በ34 ሰዎች የተጀመረ ሲሆን ዛሬ በሺዎች የሚቆጠሩ ይመጡበታል፤ ለመግባትም ዕጣ ይወጣል። ዋናው ርቀት 200 ማይል ነው። ወንድሜ የተመዘገበው ግን ኤክስኤል በሚሉት ላይ ነው፤ 350 ማይል፣ ወደ 560 ኪሎ ሜትር። ካርታ መፈለግ አያስፈልጋችሁም፤ ከአዲስ አበባ ተነስቶ በደብረ ማርቆስ አድርጎ ባሕር ዳር መድረስ ማለት ነው። እኛ ያንን መንገድ በአውቶቡስ ስንሄድ ገና ጎሐ ጽዮን ላይ አንጀታችን ይገለበጥ ነበር። እሱ በፔዳል፣ ያውም በኮረኮንች፣ ያውም ሌሊቱን ሳይተኛ ሊሄደው ነው።

እርግጥ ካንሳስ ውስጥ የዓባይ በረሃ የለም። ረጅም ዳገት ባይኖርም አጫጭር ዳገቶቹ አያልቁም፤ ወረድኩ ስትሉ ሌላው ይጠብቃችኋል። አካባቢውን የባልጩት ኮረብቶች ይሉታል። ድንጋዩ እውነትም ባልጩት ነው፤ ሲሰበር እንደ ምላጭ ይስላል። ለገበሬ ማረሻ እምቢ ያለውም እሱ ነው። በአሜሪካ መካከለኛ ሜዳ ላይ ከሰው ቁመት የሚበልጠው ሣር በማረሻ አልቆ የቀረው በአብዛኛው እዚያ ነው፤ ድንጋዩ ስላላሳረሰ። እንግዲህ ማረሻ ያልደፈረውን ምድር የእኛ ልጅ በአራት ሳንቲ ሜትር ተኩል ጎማ ሊደፍረው ተነስቷል።

እናታችንን ያስገረማት ግን ርቀቱ አይደለም። ሰው ሰባትና ስምንት ቀን በእግሩ ሲነግድ በነበረበት አገር ነው ያደገችው። የገረማት የውድድሩ ደንብ ነው። በዚህ ርቀት ማንም ማንንም አይረዳም። ተወዳዳሪው ምግቡን፣ ውሃውን፣ መብራቱን፣ መጠገኛውን ይዞ ይሄዳል። መንገድ ላይ ለማንም እኩል ክፍት ከሆነ ሱቅ ወይም ነዳጅ ማደያ መግዛት ይችላል። ሚስቱ ግን መንገድ ዳር ቆማ አንድ ጠርሙስ ውሃ ብታቀብለው ደንቡን ጥሷል።

«የገዛ ሚስቱ?» አለች እናቴ።

«አዎ እማዬ።»

«ውሃ?»

«አዎ።»

ለረጅም ጊዜ ዝም አለችና «እና መንገደኛ በምን ይታወቃል?» አለችኝ። ለዚህ መልስ አልነበረኝም። ዛሬም የለኝም።

ወደ ዝግጅቱ ልመለስ፤ በእውነት ለመናገር እኔንም ያስገረመኝ እሱ ነው። ጎማው ካላማዳሪያ የለውም። በካላማዳሪያው ፈንታ ወተት የመሰለ ፈሳሽ ይጨመርበታል፤ ጎማው ትንሽ ሲበሳ ፈሳሹ በቀዳዳው ሊወጣ ሲል ይረጋና ይደፍነዋል። ቀዳዳው ከፍ ካለ የጎማ ክር በወስፌ ይወተፍበታል። ባልጩቱ የጎማውን ጎን ከተረተረው ግን ሁለቱም አይረዱም። ያን ጊዜ የአንድ ዶላር ኖት አጣጥፎ በተቀደደው ቦታ በውስጥ በኩል ያስገባል፤ ከዚያ ለክፉ ቀን የያዘውን ካላማዳሪያ ከቶ ይነፋል። የኖቱ ወረቀት ከጥጥና ከተልባ እግር ጭረት የተሠራ ስለሆነ ጠንካራ ነው አለኝ። (የእኛ ብር ይሠራ እንደሆነ የሰፈራችሁን ጎሚስታ ጠይቁልኝ።) ጎሚስታ በሌለበት መንገድ ጎሚስታው ራሱ ነውና ጎማ ማውለቅ በጨለማ፣ በግንባር መብራት፣ ጓንት አድርጎ ተለማመደ። መጀመሪያ 25 ደቂቃ ፈጀበት፤ አሁን ስምንት ደርሷል።

ከዕቃዎቹ መካከል ደግሞ አንዲት የቀለም ማማሰያ እንጨት አለች። ነገሩ ቀልድ መስሎኝ ነበር። ዝናብ ከዘነበ የዚያ አገር ጭቃ ለግድግዳ ምርጊት የሚሆን ዓይነት ነው፤ ጎማውንና ሰንሰለቱን ለስኖ ብስክሌቱን ቀጥ ያደርገዋል። በ2023ቱ ውድድር ብዙ ሰው ብስክሌቱን በትከሻው ተሸክሞ ነው ያንን ጭቃ የተሻገረው። ቸኩሎ በጭቃ ውስጥ ፔዳሉን የጨቆነ ሰው ማርሹን የያዘውን ብረት ይሰብርና እዚያው ያበቃለታል። እንጨቷ ጭቃውን መፋቂያ ናት። ከቀለም መደብር በነጻ የሚሰጧት እንጨት የስንት ሺህ ዶላር ብስክሌት ታድናለች።

አሁን ወደ በሶው ልምጣ፤ ከእሱ ጋር ግን ያለፈው ዓመት ነገር አብሮ ይመጣል።

አምናም ዕጣው ደርሶት ሄዶ ነበር። ሚስቱ ከልጆቹ ጋር ዴንቨር ቀረች። ቦታውን በሳተላይት የሚያሳይ ትንሽ መሣሪያ ይዞ ስለነበር፣ እሷ እዚያ እኔ እዚህ፣ በስልካችን ካርታ ላይ አንዲት ነጥብ ስትሄድ እያየን አመሸን። ካንሳስ ሌሊት ሲሆን እኛ ዘንድ ረፋድ ነው። ከጧቱ አራት ሰዓት ገደማ፣ ለእነሱ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት፣ ነጥቧ ቆመች። አሥር ደቂቃ። ግማሽ ሰዓት። አንድ ሰዓት። ስልኩ አይነሳም። ምራታችን ደወለችልኝ። «እትዬ፣ ነጥቧ አልሄደችም» ስትለኝ ድምፅዋን ዛሬም እሰማዋለሁ። እኔ ለእናቴ አልነገርኳትም፤ ቡና እያፈላች ነበር።

ሦስት ሰዓት ሙሉ።

የሆነው ነገር ይህ ነው፤ እንደ ማር ዝልግልግ ያለ፣ በትንንሽ ከረጢት የሚሸጥ ጣፋጭ አለ፤ የብስክሌተኛ ምግብ ነው። ቀኑን ሙሉ እሱን ሲውጥ ውሎ ማታ ላይ ሆዱ እምቢ አለ። አስመለሰው። ከዚያ በኋላ ምንም አልቀመሰም፤ ውሃም አልጠጣም። ትንሽ ልረፍ ብሎ ሣሩ ላይ ቁጭ አለ፤ ከዚያ በኋላ ያለውን አያውቅም። የስልኩ ባትሪ አልቋል። ሲነቃ ጎሕ ቀዷል። በሚቀጥለው መንደር አቋርጦ አንድ ገበሬ በመኪናው መለሰው።

ቤት ሲገባ «ራሴን ችዬ ነው የሄድኩት፤ ደግሞ ደህና ነኝ» አላት። የመለሰችለትን ሁለቱም ነግረውኛል፤ ቃሉ አልተለወጠም።

«ራስህን ችለህ አይደለም የሄድከው፤ እኔ ችዬህ ነው።»

እውነቷን ነው። እሷ የምትሠራው አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት የሌሊት ፈረቃ ነው። እሱ ቅዳሜ ንጋት ወጥቶ ማታ ሲመለስ ልጆቹን ወደ እግር ኳስ የምታደርሰው፣ አስቤዛ የምትገዛው፣ እንቅልፏን በዓይኗ የምታንጠለጥለው እሷ ናት። ከታኅሣሥ እስከ ግንቦት የነበሩትን ቅዳሜዎች ቆጥራ ነገረችኝ። ቁጥሩን አልጽፈውም፤ ብዙ ነው።

ዘንድሮ ዕጣው እንደገና ሲደርሰው እንግዲህ ሽምግልናው በእኔ ላይ ወደቀ። ሦስት እሑድ በስልክ ዳኝቻለሁ። አልዋሻችሁም፤ ከመጀመሪያው ለእሷ አድልቼ ነው የገባሁት። «200ው ማይል አይበቃህም?» አልኩት። አሁንም ይበቃዋል ባይ ነኝ። «እትዬ፣ ያቺ ሣር ላይ የተኛሁባት ቦታ በሕልሜ ትመጣለች። አልፌያት መሄድ እፈልጋለሁ» አለኝ። ይህን ሲል ሚስቱ ከጎኑ ነበረች፤ ምንም አላለችም፤ ግን አልተነሳችም።

የተስማሙት እንዲህ ነው። የቅዳሜ ልምምድ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተጀምሮ ከቀትር በፊት ያልቃል፤ ረጅሙ ግልቢያ በወር አንዴ ብቻ። እሑድ የቤቱ ነው፤ ብስክሌት በእሑድ አይነካም። በውድድሩ ላይ በየአራት ሰዓቱ መሣሪያው ላይ ያለችውን «ደህና ነኝ» የምትል ቁልፍ ይጫናል። ስልኩን የሚሞላበት ባትሪ ሁለት ይሆናል። ሌሊት ላይ ሃያ ደቂቃ ይተኛል፣ ቦታውን ቀድሞ ነግሮን። ከሁሉም ያጨቃጨቀችው የመጨረሻዋ ናት፤ ነጥቧ ምንም መልእክት ሳትልክ አንድ ሰዓት ተኩል ከቆመች ዘንድሮ ኤምፖሪያ የምትሆነው ሚስቱ መኪና አስነስታ ትሄዳለች። ደረሰችለት ማለት ውድድሩ አበቃ ማለት ነው፤ ብትደርስና እሱ ጎማ እየቀየረ ብታገኘውም እንኳ።

«ቁልፏን መጫን ብረሳስ?» አለ።

«አትረሳማ» አለችው።

አንድ ሳምንት አኩርፎ ከቆየ በኋላ እሺ አለ።

ሆዱን ማስለመድ ሌላ ሥራ ነው። እንዲህ ያለ ርቀት የሚጋልብ ሰው በሰዓት ከ60 እስከ 90 ግራም ካርቦሃይድሬት እንዲወስድ ይመከራል። እሱ 30 ሰዓት ገደማ እንደሚፈጅበት ያስባል፤ 60ውን በ30 ስታባዙት 1,800 ግራም ይሆናል። ይህን ሁሉ በጣፋጭ ብቻ ማን ይችላል? ስለዚህ ያባቶቻችን ስንቅ ትዝ አለው። የመጀመሪያው የበሶ ሙከራ ግን አልሠመረም። የሱቁ በሶ ገለባው አልወጣለትም ነበርና ሦስት ሰዓት ከጋለበ በኋላ ሆዱ ተነፍቶ ከቁጥቋጦ ቁጥቋጦ ሲሮጥ ዋለ። ይህንን ለእናቴ ስነግራት ሳቀች፤ ከዚያ ግን ተቆጣች። «ገለባ ያለው በሶ ለመንገደኛ ይሰጣል?» ብላ ወንፊቱን ከእጄ ቀማችኝ።

እንግዲህ ገብሱን አስፈተግን፣ ቆላን፣ አስፈጨን፣ በቀጭን ወንፊት ሦስት ጊዜ ነፋን። ሁለት ኪሎ ቀድሜ በመንገደኛ ላክሁለት። በአምስት ሰዓት ልምምድ ላይ ግማሹን በውሃ፣ በማርና በጨው በጥብጦ ጠጣው፤ ግማሹን ጭብጦ አድርጎ እንደ ሎሚ እያድበለበለ በላስቲክ ጠቀለለው። ሆዱ ተቀበለው። አንዱ ብልሃት ምንድን ነው ብትሉ፣ በጥብጦ ማሳደር የለበትም፤ በሙቀት ይኮመጥጣል፤ የጠርሙሱን አፍም ይደፍናል። ስለዚህ ደረቁን በትንንሽ ከረጢት ከፋፍሎ ይይዝና ውሃ ባገኘ ቁጥር ይበጠብጣል። ጣፋጩን ግን አልተወውም፤ ከዳገት በፊት ቶሎ የሚደርስለት እሱ ነው ይላል። ሐኪሙንም አማክሯል፤ እዚያ ላይ እኔ ነኝ ያስጨነቅሁት።

ሦስቱ ኪሎ ባለፈው ሐሙስ ሄደ። የሚወስድልን ሰው ሻንጣው ሞልቶ ስለነበር ስንመዝን እናቴ ከታች የቋጠረችው ዳቦ ቆሎ ተገኘ። «ይሄ በደንቡ አለበት?» አለችኝ፣ ደንቡን አጥንታ እኮ ነው። ከመነሻው ይዞት ከሄደ ችግር የለበትም አልኳት። «እንግዲህ ከመነሻው ይያዘው» ብላ መልሳ ከተተችው።

ውድድሩ የሚነሳው በዚህ ሳምንት ዓርብ ነው፤ ለእነሱ ከሰዓት በኋላ፣ ለእኛ ሌሊት። ምራታችን ትናንት ደውላ ነበር። አምና ሌሊቱን ሙሉ ብቻዋን ነጥብ ስትጠብቅ አድራለች፤ ዘንድሮ ፈረቃ እንከፋፈል አለችኝ። የካንሳስ ሌሊት የእኛ ቀን ስለሆነ ከቅዳሜ ጧት አንድ ሰዓት እስከ ስምንት ሰዓት እኔ እጠብቃለሁ፤ እሷ ልጆቹን አቅፋ ትተኛለች። ስልኳ ክፍት ይሆናል፤ የመኪናው ቁልፍ ትራሷ ሥር።

እናቴ ዘንድሮ ተነግሯታል። ቅዳሜ ቡናውን ከወትሮው ቀደም አድርጋ ልታፈላ ነው፤ መነጽሯንም ከአሁኑ አስጠርጋለች። «ነጥቧ የምትሄደው ወደ የት ነው፣ ወደ ግራ ነው ወደ ቀኝ?» ብላ ጠይቃኛለች።