በአቦምሳ ስለሚተከለው የእንጆሪ ሥር

አቦምሳ ከአርሲ ተራሮች በታች፥ ወደ አዋሽ ሸለቆ በሚያዘቀዝቀው ምድር ላይ ያለች፥ በፍራፍሬዋም የታወቀች ከተማ ስለ ሆነች፥ አዲስ ተክል ለመሞከር የሚወድ ሁሉ ዐይኑን ወደ እርስዋ ቢጥል አያስደንቅም። ነገር ግን እንጆሪ እንደ ማንጎ ሙቀትን የሚወድ አይደለም፤ ብርድን የለመደ ተክል ነው። ስለዚህ የወረዳ ሹማምንት የእንጆሪ ሥር ለባላገሩ ከማደላቸው አስቀድሞ ጠባዩን ሊያውቁት ይገባል። (ባላገሩ ጥንቱን እንጆሪ የሚለው በቁጥቋጦ ላይ የሚያፈራውን እሾኻም የዱር ፍሬ ነውና፥ በስም አንድነት እንዳይሳሳት ይነገረው።)

በብርድ አገር ያሉ አትክልተኞች፥ ተክሉ በበረዶው ወራት ሲያንቀላፋ ነቅለው ዐፈሩን ያራግፋሉ፤ ከዜሮ በታች አንድ ወይም ሁለት ዲግሪ በሆነ ማቀዝቀዣም ለብዙ ወራት ያኖሩታል። ሥሩ ለዐይን የደረቀ ይመስላል፤ በውስጡ ግን ለመጪው ዕድገት የሚሆነውን ስንቅ አከማችቷል። ከብርዱ በወጣ ጊዜ ይነቃል፤ ነቅቶም በሞቃት መጋዘን ታስሮ ቢሰነብት ስንቁን ጨርሶ ይሻግታል። እንግዲህ መደቡ ሳይዘጋጅ፥ ውኃው ሳይጠለፍ ሥሩን ማስመጣት የገበሬውን ገንዘብ መጣል ነው።

ሥሩ በደረሰ ዕለት ግማሽ ሰዓት ያህል በንጹሕ ውኃ ይነከራል፤ የረዘመውም 10 ሳንቲሜትር ያህል ቀርቶለት ይከረከማል። ከዚያ በጕድጓዱ ውስጥ ተዘርግቶ፥ ቅጠል የሚወጣበት እምብርቱ ከዐፈሩ ፊት ጋር እኩል ይደረጋል፤ ቢቀበር ይበሰብሳል፥ ቢጋለጥ ይደርቃል። ብዙው ተክል የሚጠፋው በዚህች በአንድ ጣት ልዩነት ነው። በየተክሉ መካከል 30 ሳንቲሜትር ይተዋል፤ ተከላውም ፀሐይ ከበረደች በኋላ ሆኖ ወዲያው ውኃ ይጠጣል። የመጀመሪያው አበባ ሥሩ እስኪጠነክር ድረስ ይቀጠፍ።

ስለ ቦታው፥ በአዋሽ አካባቢ ሁለት ነገር ያስፈራል። እንጆሪ ጨውን ከማይችሉት አትክልቶች ዋነኛው ስለ ሆነ፥ ነጭ ጨው በሚታይበት መሬት አይተከል። ቲማቲም፥ ድንች ወይም በርበሬ በነበረበት መደብም ተክል የሚያጠወልግ በሽታ በዐፈሩ ሊቀር ይችላልና፥ ቢያንስ 3 ዓመት ይታለፍ። ቲማቲም በሚበዛበት በመርቲ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

የተሻለው መንገድ በየዓመቱ ከባሕር ማዶ ሥር መጠበቅ ሳይሆን፥ የአርሲን ደጋ የችግኝ ቦታ ማድረግ ነው። በደጋው ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ይበርዳል፤ ውርጭም ይጥላል። በዚያ ከሚሳበው ሐረግ የተራባው ችግኝ በታኅሣሥ ተነቅሎ፥ በእርጥብ ጆንያ ተጠቅልሎ በሌሊት ቢወርድ፥ በማግሥቱ አቦምሳ ላይ ይተከላል፤ የበልጉ ሙቀት ሳይጠናም ሥር ይሰዳል። እርግጥ የደጋው ብርድ እንደ በረዶ አገር ሙሉ እንቅልፍ አይሰጠውም። ስለዚህ አስቀድሞ በጥቂት መደቦች ይፈተን፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1969 ከተመሠረተው ከመልካሳ የእርሻ ምርምር ማዕከልም ስለ ዝርያው ምክር ይጠየቅ። የወረዳው መዝገብ ደግሞ ሁለት ዐምድ ይኑረው፤ በአንዱ የታደለው ሥር፥ በሌላው በ60ኛው ቀን ጸድቆ የተገኘው ይጻፍ።