ከዓረብ አገር ማጀት የተመለሰ ሙያ

ከዓረብ አገር የተመለሰች ሴት እንግዳ ሲበዛባት የሚቀርብላት ጥያቄ ስለ ገንዘብ ነው። ስንት አጠራቀምሽ? ቤት ሠራሽ ወይ? የክፉ ቀኗን ታሪክ የሚጠይቋትም አሉ፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። ምን ሙያ ይዘሽ መጣሽ ብሎ የሚጠይቃት ሰው ግን እስካሁን አላጋጠመኝም። እኔ ደግሞ አስቀድመን ልንጠይቃት የሚገባው ይህንኑ ነው እላለሁ፤ ከእነዚህ ሴቶች ብዙዎቹ ሙሉ የወጥ ቤት ሙያ ይዘው ነው የሚመለሱት።

የአክስቴን ልጅ ልጥቀስ። ከደቡብ ወሎ ወጥታ ቤይሩት ስትገባ ለብቻዋ ወጥ ሠርታ አታውቅም ነበር፤ እናቷ ዘንድ ሥራዋ ሽንኩርት መላጥና እሳት ማንደድ ነበር። እዚያ መጀመሪያ የተማረችው ታቡሌ ነው። ታቡሌ ለሚያየው ተራ ሰላጣ ይመስላል። በቅዱኒሱ፣ እኛ ፐርስሊ የምንለው ቅጠል፣ ታጥቦ ውኃው ጠፍፎ ፈጽሞ ካልደረቀ ሰላጣው ውኃ ያዝላል። ቢላዋው የተሳለ መሆን አለበት፤ የደነዘዘ ቢላዋ ቅጠሉን ይጨፈልቀውና ያጠቁረዋል። ቡርጉሉ፣ ማለትም ተቀቅሎ ከደረቀ በኋላ የተሸረከተው ስንዴ፣ በጣም ጥቂት ነው፤ በሳህኑ ላይ ጎልቶ መታየት ያለበት አረንጓዴው ነው። ዓረብኛ በማታውቅባቸው የመጀመሪያ ወራት ይህን ሁሉ የተማረችው በዓይኗ ነው። አሠሪዋ ማዳም አንድ ጊዜ ታሳያለች፤ በማግስቱ እሷ ትሠራለች፤ ካልሆነ ይደፋል፣ እንደገና ይሠራል።

ኪቤ ነይዬ ሲመጣ ግን አልከበዳትም። ጅማቱና ጮማው የወጣለት ቀይ ሥጋ ከቡርጉልና ከሽንኩርት ጋር እስኪልም ተፈጭቶ በጥሬው የሚበላ ነው። ክትፎ ያየ ሰው ሥጋው ምን ዓይነት መሆን እንዳለበት፣ ለምንስ በዚያው ቀን መበላት እንዳለበት ያውቃል። ከአገር ይዛው የሄደችው እውቀት በሰው አገር ማጀት ውስጥ ሥራ ላይ ዋለ።

ሪያድ የኖረች ጎረቤታችን ደግሞ ከብሳ የሚባለውን የሩዝ ምግብ አሠራር እንዲህ አስረዳችኝ። ሽንኩርቱ፣ ቲማቲሙና ዶሮው ከሄል፣ ከቀረፋና ከቅርንፉድ ጋር ይበስላል፤ ዶሮው ይወጣና ለግማሽ ሰዓት ያህል ተዘፍዝፎ የቆየው ባስማቲ ሩዝ በዚያው መረቅ ይበስላል። የደረቀው ሎሚ ተበስቶ ነው የሚገባው፤ ካልተበሳ ጎምዛዛነቱን አይለቅም፣ ብዙ ከቆየ ደግሞ ይመርራል። የመረቁን ልክ በእጇ ነው የምታውቀው። በረመዳን ለአፍጥር ሾርባው፣ ሳምቡሳውና ሉቀይማት የሚባለው ጣፋጭ ለትልቅ ቤተሰብ በአንድ ጊዜ መድረስ አለባቸው፤ ብቻዋን ታደርሰው ነበር። ይህን ሆቴል ውስጥ የሚሠራ ሰው ሼፍ ይባላል።

የሚገርመው የአገራችንንም ምግብ እዚያው የተማሩ መኖራቸው ነው። በቤይሩት ዳርቻ ዶራ በሚባለው ሰፈር የኢትዮጵያውያን ሱቆችና ምግብ ቤቶች አሉ፤ እሑድ ዕረፍት የሚሰጣቸው ልጆች እዚያ ይገናኛሉ። የአክስቴ ልጅ ዶሮ በ12 ብልት መገነጣጠልን፣ ሽንኩርት ያለ ዘይት በትዕግሥት ማቁላላትን ያስተማረቻት አንዲት የአርሲ ሴት ነች፤ እስከ ዛሬ እትዬ እያለች ነው የምታነሳት። ጤፍ ሲጠፋ በስንዴ ዱቄት አብኩተው፣ ምጣድ ሲጠፋ በማያጣብቅ መጥበሻ ይጋግሩ ነበር። እናት አጠገቧ የሌለች ልጅ ሌላ እናት አግኝታ ተማረች።

ይህን ስጽፍ ትምህርቱ የተገኘበትን መንገድ እያሳመርኩ አይደለም። በሊባኖስም ሆነ በባሕረ ሰላጤው አገሮች የከፋላ ሥርዓት የሠራተኛዋን መኖሪያ ፈቃድ ከአሠሪዋ ጋር አስሮ ኖሯል። ፓስፖርቷን የተቀማች፣ ደመወዟን የተከለከለች፣ ከቤት እንዳትወጣ የተቆለፈባት ሴት ስንት ናት። የተበደለችው ሳያንስ ላቧን አፍስሳ ያገኘችውን ሙያ እኛ እንደሌለ ስንቆጥርባት ግን ሁለተኛ በደል እንጨምርባታለን።

እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻና በ2014 መጀመሪያ ከሳዑዲ ዓረቢያ ብቻ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ተመልሰዋል። ከዚያ በኋላ የወጣው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 ለሥራ የሚሄድ ሰው 8ኛ ክፍል ያጠናቀቀና የሙያ ብቃት ማረጋገጫ ያለው እንዲሆን ደንግጎ ነበር። ጥሩ ሐሳብ ነው። ግን ይታያችሁ፤ ገና ምንም ሳትሠራ ልትሄድ ስትል የመዘንናት ሴት፣ ዓመታት ሠርታ ስትመለስ ምስክር የሚሆናት ወረቀት የላትም። የ2000 ዓ.ም. የቴክኒክና ሙያ ስትራቴጂ ደግሞ ሙያው በትምህርት ቤትም ይገኝ በሥራ ላይ፣ ችሎታ ያለው ሰው ተመዝኖ ማረጋገጫ እንዲያገኝ በሩን ከፍቷል። በሩ ይህን ያህል ዘመን ተከፍቶ ሳለ፣ ከማውቃቸው ተመላሾች መካከል በዚያ የገባች አንዲት እንኳ አላገኘሁም። የነገራቸውም የለም።

ፊሊፒንስን አስባለሁ። ቴስዳ የሚባለው እ.ኤ.አ. በ1994 የተቋቋመው የሙያ ሥልጠና መሥሪያ ቤቷ የቤት ውስጥ ሥራን ራሱን የቻለ ሙያ አድርጎ በደረጃ ይመዝናል። የእኛ አገር ሰው ግን ያው ግርድና አይደል እንዴ ይላል። ይህ አነጋገር በጣም ያሳዝነኛል። ሥራው አንድ ነው፤ ሩዙም አንድ፣ ሥጋውም አንድ።

በአዲስ አበባ ማንዲና ሻዋርማ የሚሸጡ ቤቶች በዝተዋል። የሆቴልና ምግብ ቤት ባለቤቶች ሆይ፣ ሠራተኛ ስትቀጥሩ ከወረቀቱ በፊት አንድ ድስት ከብሳ አሠርታችሁ ቅመሱ። የሙያ ምዘና ማዕከላት፣ ተመላሾች ወደ እናንተ እስኪመጡ አትጠብቁ፤ ቦሌ ሲወርዱ ሄዳችሁ ንገሯቸው። አንቺም እህቴ፣ ቤይሩት፣ ኩዌት ወይም ጂዳ ኖረሽ የመጣሽው፣ የምግብ ዝግጅት ምዘናው ለአንቺም ነውና በአቅራቢያሽ ወዳለው ማዕከል ሄደሽ ተመዝገቢ።