የስልኩ ገበያና የነጋዴው ኅሊና፡- በማኅበራዊ ሚዲያ ስለ ተከለከሉ ማስታወቂያዎች

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን!

ግንቦት 1 ቀን የእመቤታችን የልደት በዓል ሲከበር በአዲስ አበባ ልደታ ለማርያም ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ያለውን ገበያ የማያውቅ የከተማችን ምእመን ጥቂት ነው። ጧፍና ዕጣን፣ ነጠላና መንፈሳዊ መጽሐፍ የሚሸጡ ወገኖቻችን ከማለዳው ጀምረው በየመንገዱ ዳር ይቀመጣሉ። ከዚያ ወዲያ በልደታ ኮንዶሚኒየም ምድር ቤቶች እስከ ሜክሲኮ ድረስ ልብስ፣ ቅመማ ቅመም፣ ማርና የውበት መጠበቂያ የሚሸጡ ትንንሽ ሱቆች ተደርድረዋል። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለእነዚህ ሱቆች በደጃፍ የተሰቀለ ጽሑፍና የደንበኛ ምስክርነት ይበቃቸው ነበር። ዛሬ ግን ገዥው አስቀድሞ የሚያየው ስልኩን ነው። በመሆኑም ነጋዴው በፌስቡክ፣ በቴሌግራምና በቲክቶክ ገጽ ከፍቶ ዕቃውን ያስተዋውቃል፤ አቅም ያለውም ከፍሎ ማስታወቂያ ያሠራል።

ይህ አዲስ ገበያ ለድኻ ነጋዴ ትልቅ በር ከፍቷል። የሱቅ ኪራይ የማይችል ወጣት በስልኩ ብቻ ሠርቶ ያድራል፤ ቤት የዋለች እናትም በርበሬዋንና ሽሮዋን ለማታውቀው ሰፈር ትሸጣለች። ይሁን እንጂ ገበያው አጥር አለው። አንዳንድ ዕቃ በዚያ ሊተዋወቅ አይፈቀድም። ብዙ ነጋዴዎችም አጥሩን የሚያውቁት ማስታወቂያቸው ሲታገድ ወይም ገጻቸው ሲዘጋ ነው። በዚህ ጽሑፍ ምን እንደ ተከለከለ፣ ማን እንደ ከለከለው፣ ክልከላው የት ላይ እንደሚሳሳት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ክርስቲያን ነጋዴ በዚህ መካከል እንዴት ሊቆም እንደሚገባው እንመለከታለን።

የሀገራችን ሕግ የከለከለው

ማስታወቂያን በሕግ መገደብ ዛሬ የመጣ እንግዳ ነገር አይደለም። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ትንባሆን በአዋጅ ከልክለው እንደ ነበር የታሪክ ጸሐፊዎች መዝግበዋል። በእኛ ዘመን ደግሞ የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 ማንኛውም ማስታወቂያ ከማሳሳት የራቀና መልካም ሥነ ምግባርን የማይፃረር እንዲሆን ያዝዛል። የጦር መሣሪያ፣ የአደንዛዥ ዕፅ፣ የትንባሆ፣ እንዲሁም በሐኪም ትእዛዝ ብቻ የሚሰጡ መድኃኒቶች ማስታወቂያ እንዳይሰራጭም ይከለክላል። የማስታወቂያ ማሰራጫ የሚለውም ሬዲዮንና ጋዜጣን ብቻ ሳይሆን የኢንተርኔት ድረ ገጽንም ነው።

በጥር 2011 ዓ.ም. የጸደቀው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ከዚህ ይልቅ አጠበቀው። የአልኮል መጠጥ ማስታወቂያ ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን እንዲወጣ አደረገ፤ ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው ሰው አልኮል መሸጥንም ከለከለ። ትንባሆን በማንኛውም መንገድ ማስተዋወቅን ፈጽሞ አገደ፤ ሺሻንና የኤሌክትሮኒክስ ሲጋራንም ከገበያ እንዲወጡ ደነገገ፤ የሲጋራው ፓኬት 70 በመቶ ገጽታም በማስጠንቀቂያ እንዲሸፈን አዘዘ። ስለዚህ በአንድ ምድር ቤት ሺሻ አዘጋጅቶ ምስሉን በቲክቶክ የሚለቅ ሰው ‘እኔ ያወጣሁት ቪዲዮ እንጂ ማስታወቂያ አይደለም’ ቢል በሕግ ፊት የሚያዋጣው አይመስለንም።

ኩባንያዎቹ የከለከሉት

ሁለተኛው አጥር የተሠራው በባሕር ማዶ ነው። የፌስቡክና የኢንስታግራም ባለቤት የሆነው ሜታም ሆነ ቲክቶክ የትንባሆን፣ የአደንዛዥ ዕፅንና የጦር መሣሪያን ማስታወቂያ አይቀበሉም። ሜታ የአልኮል ማስታወቂያን የየሀገሩን ሕግና የዕድሜ ገደብ ጠብቆ ቢፈቅድም፣ መጠጡን በገበያ ገጹ ላይ አውጥቶ መሸጥን ግን ይከለክላል። መድኃኒት መሸጥም አይፈቀድም። የእንስሳት ሽያጭንም በአብዛኛው ስለሚያግድ፣ ለፋሲካ በግና ዶሮ በዚያ ለመሸጥ የሚያስብ ነጋዴ ባልጠበቀው ክልከላ ሊሰናከል ይችላል። አንድን ሰው ‘ከመጠቀሙ በፊት’ እና ‘ከተጠቀመ በኋላ’ እያሉ በሥዕል በማነጻጸር የክብደት መቀነሻን ማስተዋወቅም በሜታ ዘንድ አይፈቀድም።

በክፍያ የሚተላለፍ ማስታወቂያ ለሕዝብ ከመታየቱ በፊት ይመረመራል፤ ምርመራው አብዛኛውን ጊዜ በ24 ሰዓት ውስጥ ያልቃል። የሚመረምረው ግን በቅድሚያ ሰው ሳይሆን ማሽን ነው። ማሽኑ ቃልንና ሥዕልን ያያል እንጂ የነጋዴውን ልብ አያይም። ለምሳሌ አንዲት እኅት ንጹሕ የጎጃም ማር እየሸጠች በማስታወቂያዋ ላይ ‘የስኳር በሽታን ያድናል’ ብላ ብትጽፍ ማስታወቂያዋ ሊታገድ ይችላል፤ ይህም ተገቢ ነው። ነገር ግን ሌላዋ ስለ በሽታ ምንም ሳትናገር በሥዕሉ ላይ በታየ አንድ ጠርሙስ ምክንያት ብቻ ልትታገድ ትችላለች። ስሕተቱ ሲደጋገም የማስታወቂያ መብቷ ይታገዳል፤ ለዓመታት የሰበሰበቻቸው ደንበኞችም በአንድ ቀን ይበተናሉ።

‘ልደታ’ ሲባል ብዙ ሰው አስቀድሞ የሚያስበው በዚያ ያለውን ፍርድ ቤት ነው። በልደታ ችሎት የቆመ ተከሳሽ ክሱ ይነበብለታል፤ መልስ ይሰጣል፤ ጠበቃ ያቆማል፤ ባይስማማ ይግባኝ ይላል። የስልኩ ገበያ ዳኛ ግን ፊት የለውም። አንድ አጭር መልእክት ልኮ ይፈርዳል፤ ነጋዴውም የትኛውን ደንብ እንደ ጣሰ በሚያውቀው ቋንቋ ሳይነገረው ይቀራል። እርግጥ ነው፣ እንደገና እንዲታይ የመጠየቅ ዕድል አለ። ዕድሉ መኖሩን ያላወቀ ሰው ግን እንጀራውን አጥቶ ዝም ይላል። ለትልቅ ድርጅት አንድ ገጽ ቢዘጋ ሌላ መንገድ አለው፤ ለትንሽ ነጋዴ ግን ገጹ ሱቁ ነው።

አጥሩ የተከፈተበት ቦታ

ይህ ሁሉ ጥብቅ መስሎ ሳለ በሌላ ወገን ሰፊ ክፍተት አለ። ቅድመ ምርመራ የሚደረገው በተከፈለበት ማስታወቂያ ላይ ነው። ነጋዴው ያለ ክፍያ በገጹ የሚለጥፈው ጽሑፍና ቪዲዮ ግን አብዛኛውን ጊዜ ማንም ሳይጠይቀው ያልፋል። በዚህ ላይ ቋንቋው አማርኛ ሲሆን ቁጥጥሩ ይላላል። የፌስቡክ የቀድሞ ሠራተኛ የነበረችው ፍራንሲስ ሆገን በመስከረም 2014 ዓ.ም. በአሜሪካ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ፊት ቀርባ ስትመሰክር፣ ኩባንያው ከእንግሊዝኛ ውጭ ባሉ ቋንቋዎች የሚያደርገው ጥበቃ ደካማ መሆኑን ስትናገር ሀገራችንን በስም ጠርታ ነበር። የእርሷ ጭንቀት ስለ ግጭት ቅስቀሳ ነበር፤ ሆኖም ጥላቻውን ያልለየ ዓይን ማጭበርበሩንም አይለይም።

ከዚህም የተነሣ በማርዋ ላይ አንድ ቃል ያበዛች እናት ስትታገድ፣ ‘የሸሸ ትዳር እመልሳለሁ፤ ገንዘብ አበዛለሁ፤ መተት እፈታለሁ’ የሚል ጠንቋይ ስልክ ቁጥሩን ጽፎ በነጻነት ይውላል። ምንነቱ ያልታወቀ ቅጠልና ዱቄት ‘የማይድን በሽታ የለም’ ተብሎ ይሸጣል። ወጣቱን በውርርድ ሀብታም እናደርጋለን የሚሉ ቻናሎች ሌሊትና ቀን ይጮኻሉ። ከሁሉም የሚያሳዝነው ደግሞ ይህ አንዳንድ ጊዜ በቅዱሳን ሥዕልና በቤተ ክርስቲያን ስም ተሸፍኖ መቅረቡ ነው። እምነቱና ጠበሉ በነጻ የሚሰጥ የእግዚአብሔር ጸጋ ሆኖ ሳለ ዋጋ ተለጥፎበት ሲሸጥ ማየት ልብን ይሰብራል።

አንድ ተጨማሪ ጉዳይ ቤተ ክርስቲያናችንን በቀጥታ ይነካል። ፌስቡክ በሰኔ 2012 ዓ.ም. የጥንታዊ ቅርሶችን ሽያጭ ከገጹ አግዷል፤ ምክንያቱም ከመካከለኛው ምሥራቅ የተዘረፉ ቅርሶች በዚያ እንደሚሸጡ ተመራማሪዎች በማጋለጣቸው ነው። በሀገራችንም የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ያለ ፈቃድ ከሀገር እንዳይወጣ ይከለክላል። የብራና መጽሐፍ፣ የቆየ መስቀልና ሥዕል የቤተ ክርስቲያን አደራ ናቸው። ስለዚህ በየቴሌግራሙ ‘የድሮ ብራና አለኝ’ የሚል ሰው ሲያጋጥመን ዋጋ ከመጠየቃችን በፊት ከየት እንደ መጣ ልንጠይቅ ይገባል። አዲስ መስቀል ሠርቶ የሚሸጥ ባለሙያም ሥራው ከተሰረቀ ቅርስ ጋር እንዳይምታታ አዲስ መሆኑን በማስታወቂያው በግልጽ ቢጽፍ ለራሱም ለገዥውም ይጠቅማል።

ሦስተኛው አጥር

እንግዲህ የመንግሥት ሕግና የኩባንያ ደንብ ሁለት አጥሮች ናቸው። ሁለቱም ያስፈልጋሉ፤ ሁለቱም ግን ክፍተት አላቸው። ክርስቲያን ነጋዴ ሦስተኛ አጥር አለው፤ እርሱም በእግዚአብሔር ፊት ያለ ኅሊናው ነው። ማሽኑ ያሳለፈው ሁሉ የተባረከ አይደለም፤ ማሽኑ ያገደውም ሁሉ ኃጢአት አይደለም።

ቅዱስ ሉቃስ በሐዋርያት ሥራ ይህን የሚያሳዩ ሁለት ታሪኮች ጽፎልናል። በፊልጵስዩስ በአንዲት አገልጋይ ላይ ያደረ የምዋርት መንፈስ ለጌቶቿ ብዙ ትርፍ ያመጣላቸው ነበር። ቅዱስ ጳውሎስ መንፈሱን ባወጣው ጊዜ ጌቶቿ ስለ ልጅቱ መዳን ደስ አላላቸውም፤ የትርፋቸው ተስፋ በመቋረጡ ተቆጡ እንጂ (ሐዋ. 16፥16-19)። በኤፌሶን ግን አስማት ያደርጉ የነበሩ ሰዎች አምነው መጻሕፍታቸውን በአደባባይ አቃጠሉ፤ ዋጋቸውም ሲተመን 50 ሺህ ብር ሆነ (ሐዋ. 19፥19)። ልብ እንበል፤ መጽሐፎቹን ለሌላ ሸጠው ገንዘቡን ለምጽዋት ማዋል ይችሉ ነበር። እነርሱ ግን ራሳቸውን የጎዳው ነገር ባልንጀራቸውን እንዲጎዳ አልፈለጉም። የተከለከለ ነገር የማስተዋወቅ ጥያቄ ሁሉ በመጨረሻ ወደዚህ ይመለሳል፤ ‘ይህን የሚገዛው ልጄ ቢሆን እሸጥለት ነበርን?’

ምን እናድርግ?

ነጋዴ የሆናችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ አስቀድማችሁ ሕጉን እወቁ። ምግብና ቅመም የምትሸጡ ስለ ጣዕሙና ስለ ንጽሕናው ተናገሩ፤ ፈውስን ግን ለሐኪምና ለእግዚአብሔር ተዉ። ማስታወቂያችሁ በስሕተት ከታገደ ተስፋ ሳትቆርጡ እንደገና እንዲታይ ጠይቁ። እንጀራችሁንም በአንድ ገጽ ላይ ብቻ አታንጠልጥሉ፤ የደንበኞቻችሁን ስልክ በመዝገብ ያዙ፤ የሰፈራችሁንም ሰው አትርሱ። የቅዱሳንን ሥዕልና የቤተ ክርስቲያንን ስም የሽያጭ ማጥመጃ አታድርጉ። ከታገዳችሁ በኋላ ቃል እያጣመማችሁ ወይም በሌላ ስም ገጽ እየከፈታችሁ የተከለከለውን ለመሸጥ አትሞክሩ። ጠቢቡ ሰሎሞን ሐሰተኛ ሚዛንን እግዚአብሔር እንደሚጸየፈው አስተምሯል (ምሳ. 11፥1)፤ በዘመናችን ሚዛኑ በስልክ ላይ ያለ ቃልም ነው።

ምእመናን ደግሞ ገዥዎች ነን። ፈላጊ የሌለው ዕቃ ገበያ የለውም። የጠንቋይን ቪዲዮ ለመሳቅ ብለን ለወዳጅ ስናስተላልፍ ያለ ክፍያ ማስታወቂያ እየሠራንለት ነው። አጥፊ ማስታወቂያ ስናይ በገጹ ላይ ባለው መንገድ እናመልክት፤ ሐሰተኛ መድኃኒት ከሆነም ለምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን እንጠቁም።

ሰበካ ጉባኤያትና ሰንበት ትምህርት ቤቶችም በዚህ ረገድ ብዙ መሥራት ይችላሉ። በየአጥቢያው የሕግና የቴክኖሎጂ ዕውቀት ያላቸው ወጣቶች አሉን። እነርሱ ከትምህርት በኋላ አንድ ሰዓት መድበው ለሰፈሩ እናቶችና ወጣት ነጋዴዎች የተከለከለውንና የተፈቀደውን ቢያስረዱ፣ የእንግሊዝኛውን መልእክት ቢያነቡላቸው፣ አቤቱታ ቢጽፉላቸው ይህ ራሱ ምጽዋት ነው። ኩባንያዎቹም ከሀገራችን ነጋዴ ገንዘብ እስከ ተቀበሉ ድረስ ደንባቸውን በቋንቋው ሊያስረዱትና አቤቱታውን በሰው ዓይን ሊያዩለት ይገባል። ይህንንም የሚመለከታቸው የመንግሥት አካላት ሊጠይቁልን ይገባል እንላለን።

በመጪው ግንቦት ልደታ በዚያ ደጅ ጧፍ የምትሸጠው እናት ስልኳንም ይዛ ትመጣለች። በአንድ እጇ የምትሸጠውና በሌላው እጇ የምታስተዋውቀው አንድ ዓይነት እውነት ይኑረው።

እግዚአብሔር አምላካችን የእጃችንን ሥራ ይባርክልን፤ የእመቤታችን አማላጅነት አይለየን፤ አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።