ሽምደዳ በነጭ ሰሌዳ፦ የዲዛይነሮች የሥራ ፈተና ምን ይለካል?

የነጭ ሰሌዳ ፈተና የመተግበሪያና የድረ ገጽ ዲዛይነሮች ለሥራ ሲወዳደሩ ከሚያልፉባቸው የቃለ መጠይቅ ደረጃዎች አንዱ ነው። ተወዳዳሪው ቀድሞ ያላየው ጥያቄ ይቀርብለታል፦ «ለሕፃናት የሚሆን ኤቲኤም ንደፍ»፣ «ሺህ ፎቅ ላለው ሕንፃ የሊፍት መቆጣጠሪያ ሥራ» የመሳሰለ። ከዚያም ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ፣ ጠያቂዎች እያዩት፣ የሚያስበውን ጮክ ብሎ እየተናገረ መፍትሔውን በማርከር ይሥላል። ቃለ መጠይቁ በኢንተርኔት ሲሆን ሰሌዳው እንደ ሚሮና ፊግጃም ባሉ የጋራ መሣያ ፕሮግራሞች ይተካል፤ ሥርዓቱ ግን ያው ነው። ደጋፊዎቹ «የምናየው ሥዕሉን ሳይሆን አስተሳሰቡን ነው» ይላሉ። ፈተናው ግን አስተሳሰብን የመለካት አቅሙ ከመነሻው ደካማ ነው፤ ተወዳዳሪዎች ሲለማመዱት ደግሞ ያለችውም አቅም ትጠፋለች።

ፕሮግራመሮችም ለረጅም ጊዜ በሰሌዳ ፊት ሲፈተኑ ኖረዋል፤ በእነሱ በኩል የተገኘው ማስረጃ ለዲዛይነሮች ቀጣሪዎችም ትምህርት ይሆናል። የኖርዝ ካሮላይና ስቴት ዩኒቨርሲቲና የማይክሮሶፍት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2020 ባሳተሙት ጥናት 48 የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪዎች ለሁለት ተከፈሉ። አንዱ ቡድን ጠያቂ እያየው፣ ጮክ ብሎ እያሰበ ሠራ፤ ሌላው በሰሌዳ ላይ ለብቻው ሠራ። እየታዩ የሠሩት ውጤት ብቻቸውን ከሠሩት ከግማሽ በታች ሆነ። ቁጥራቸው ጥቂት ቢሆንም፣ እየታዩ የተፈተኑት ሴቶች ሁሉ ወደቁ፤ ለብቻቸው የተፈተኑት ሴቶች ሁሉ አለፉ። ልዩነቱን ያመጣው የተመልካች ዐይን ከሆነ፣ የተለካው ከችሎታ ይልቅ በሰው ፊት አለመደንገጥ ነው። የጉግል የሰው ኃይል ኃላፊ የነበሩት ላዝሎ ቦክም እ.ኤ.አ. በ2013 ለኒው ዮርክ ታይምስ ሲናገሩ፣ የእንቆቅልሽ ጥያቄዎች ምንም እንደማይተነብዩና ዋና ጥቅማቸው ጠያቂው ራሱን ብልህ አድርጎ እንዲያይ መርዳት እንደሆነ ገልጸዋል። የሺህ ፎቁ ሊፍት ከእንቆቅልሽ የሚለየው በጥቂቱ ነው።

ወደ ዲዛይን ሲመጣ ነገሩ ይብሳል። ምሁራኑ ሆርስት ሪተልና ሜልቪን ዌበር እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ የማኅበራዊ ዕቅድ ችግሮች እንደ ሒሳብ ጥያቄ ቁርጥ ያለ አገላለጽ እንደሌላቸው፣ ችግሩን መረዳትና መፍትሔውን መፈለግም እንደማይነጣጠሉ አስረድተዋል። የዲዛይን ሥራም ከዚህ ወገን ነው፤ አብዛኛው ድካም ያልታወቀውን ማወቅ ላይ ይውላል። የስፔኑ ባንክ ቢቢቪኤ ከአይዲኦ የዲዛይን ድርጅት ጋር አዲስ ኤቲኤም ሲያዘጋጅ፣ ባለሙያዎቹ ሰዎች በማሽኑ እንዴት እንደሚገለገሉ በቦታው ተገኝተው ተመለከቱ። ተገልጋዩን ያሳስበው የነበረው ከኋላው የተሰለፈው ሰው ነበር። ስለዚህ ማሽኑ 90 ዲግሪ እንዲዞር ተደረገ፤ ተገልጋዩ ለሰልፈኛው ጀርባውን ሳይሆን ጎኑን ሰጥቶ ይቆማል። እንዲህ ያለ መፍትሔ የሚገኘው ሰልፉ ካለበት ቦታ ነው። በፈተናው ግን ተወዳዳሪው ተጠቃሚውን ከራሱ ይፈጥራል፦ የዘጠኝ ዓመት ልጅ፣ የኪስ ገንዘቧን የምታጠራቅም፣ ወላጆቿ የሚቆጣጠሯት። ይህ ፈጠራ እንደ «ጥናት» ተቆጥሮ ነጥብ ያሰጣል። በሥራ ገበታ ላይ ያልጠየቀውን ሰው ፍላጎት ከራሱ ፈጥሮ የሚነድፍ ባለሙያ ይታረማል፤ በፈተናው ይመሰገናል።

ልምምዱ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ለዚሁ ፈተና የሚያዘጋጁ መጻሕፍት፣ ኮርሶችና የማስመሰያ ቃለ መጠይቆች ራሳቸውን የቻሉ ገበያ ሆነዋል። አርቲዮም ዳሺንስኪ እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጣው መጽሐፍ በዘርፉ ከሚታወቁት አንዱ ሲሆን፣ ለምንና ለማን ከሚሉ ጥያቄዎች ተነሥቶ ውጤቱ የሚመዘንበትን መለኪያ እስከ መጥቀስ የሚደርስ ቅደም ተከተል ያስተምራል። ቅደም ተከተሉ በራሱ መጥፎ አይደለም። የሚያበላሸው፣ ተወዳዳሪው በደቂቃ ከፋፍሎ ሲሸመድደው ነው፦ መጀመሪያ ጥቂት ጥያቄ፣ ቀጥሎ ሁለት ዓይነት ተጠቃሚ፣ ከዚያ የሐሳብ ዝርዝር፣ መጨረሻ ላይ ሦስት ገጽ ንድፍ። ጥያቄ የሚጠየቀው መልሱ ስለሚያስፈልግ ሳይሆን ጠያቂ አእምሮ ያለው መስሎ ለመታየት ይሆናል። እንግሊዛዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ቻርልስ ጉድኸርት እ.ኤ.አ. በ1975 ስለ ገንዘብ ፖሊሲ እንዳመለከቱት፣ አንድ መለኪያ መቆጣጠሪያ ሲሆን አስተማማኝነቱን ያጣል። «አስተሳሰቡን እናያለን» የሚለው ክርክርም እዚሁ ላይ ይፈርሳል፤ የሚታየው ቀድሞ የተጠና ድርሰት ነውና። ያልተለማመደው ደግሞ፣ ሥራውን አሳምሮ ቢያውቅም፣ ዝግጁ ያልሆነ ይመስላል።

ዋጋውን ሁሉም እኩል አይከፍልም። ከሥራ ሰዓት ውጭ ሳምንታት ለልምምድ የሚያውል ሰው፣ ልጅ የሚያሳድገውንና ሁለት ሥራ የሚሠራውን ይቀድማል። በአማርኛ የሚያስብ ዲዛይነር ከአዲስ አበባም ሆነ ከዋሽንግተን ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ ቀጣሪ ሲቀርብ፣ ማሰብን፣ መሣልንና በሁለተኛ ቋንቋ መተርጎምን በአንድ ጊዜ እንዲሠራ ይገደዳል፤ ዝምታው የሐሳብ እጥረት ተደርጎ ይቆጠርበታል።

ለፈተናው የሚቀርቡ ሁለት ምክንያቶች ክብደት አላቸው። አንደኛው፣ ያለ ክፍያ ቤት ተወስዶ ቀናት ከሚፈጀው ሥራ ይህኛው ያጥራል። ሁለተኛው፣ ፖርትፎሊዮ (ተወዳዳሪው የሚያቀርበው የቀድሞ ሥራዎቹ ስብስብ) የሌሎችን ድካም ሊደብቅ ይችላል። ሁለቱም ግን ከመጥፎ አማራጭ ጋር የተደረጉ ንጽጽሮች ናቸው። የፖርትፎሊዮን እውነት ለማወቅ በአንድ ፕሮጀክት ላይ በጥልቀት መጠየቅ ይበቃል፦ የተጣለው ሐሳብ የቱ ነበር፣ ለምን ተጣለ፣ ማን ተቃወመ፣ ምርቱ ከወጣ በኋላ ምን ተለወጠ። በሥራው ውስጥ ያልነበረ ሰው እነዚህን ጥያቄዎች ተራ በተራ መመለስ ይከብደዋል።

ተመራማሪው ፖል ሳኬትና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2022 የቀድሞ የምልመላ ጥናቶችን እንደገና ሲመዝኑ፣ የሥራ ብቃትን በመተንበይ ቀዳሚ ሆኖ ያገኙት የተዋቀረ ቃለ መጠይቅን ነው፤ ይህም ለሁሉም ተወዳዳሪ ተመሳሳይ ጥያቄና ተመሳሳይ የነጥብ አሰጣጥ የሚጠቀም ነው። የፖርትፎሊዮ ጥያቄዎቹም በዚሁ መንገድ ሊቀርቡ ይችላሉ። ሰሌዳ የግድ ካስፈለገም ጥያቄው ከኩባንያው ሥራ ይወሰድ፣ የተጠቃሚዎች መረጃ አስቀድሞ ይሰጥ፣ ጠያቂውም እንደ ሥራ ባልደረባ አብሮ ይሥራ። ተወዳዳሪው ያላወቀውን «አላውቅም፤ እንዲህ አድርጌ አጣራለሁ» ሲል ነጥብ ያግኝ።

እስከዚያው እንጀራ ፈላጊው ቢለማመድ አይወቀስም፤ ደንቡን ያወጣው እሱ አይደለም። ተጠያቂው ቀጣሪው ነው። የፈተና ነጥብን ተቀጣሪዎቹ ከዓመት በኋላ ካሳዩት የሥራ ውጤት ጋር አስተያይቶ የማያውቅ ኩባንያ፣ ፈተናው ይሠራል ለማለት በእጁ ማስረጃ የለም።