በደቻቱ ዳር ስለ መመገብ

በ1895 ዓ.ም. የምድር ባቡር በደረሰ ጊዜ የተቆረቆረችውን ድሬዳዋን ሊጎበኝ የሚሄድ ሰው፥ የከዚራን የዛፍ ጥላ ካየ በኋላ ደቻቱን ተሻግሮ ወደ መጋላና ወደ ቀፊራ ገበያ መዝለቁ የተለመደ ነው። በዚያም የሳምቡሳው ሽታ ይጠራዋል። እኛም አይብላ አንልም፤ እንዲያውም ከፈላ ዘይት አሁን የወጣውን ሳምቡሳ፥ በትልቅ ሆቴል በነጭ ጨርቅ ላይ ከሚቀርበውና ከጧት ጀምሮ ከዋለው ሰላጣ እናስበልጠዋለን።

ደቻቱ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ስለ ሆነ ወንዝነቱ ይዘነጋል። ሆኖም በ1998 ዓ.ም. ክረምት በሌሊት ሞልቶ ከ200 የሚበልጡ ሰዎችን ሕይወት አጥፍቷል። ጎርፍ በአሸዋው ላይ የተጣለውን ቆሻሻ ሁሉ ጠርጎ ወደ መንደርና ወደ ውሃ ጉድጓድ ያደርሳል። ስለዚህ በወንዙ አጠገብ ያለ ምግብ ቤት ውሃውን ከወዴት እንደሚያስቀዳ መጠየቅ፥ በእኛ አስተያየት፥ ነውር አይደለም። ለእጅ መታጠቢያ ሳሙና ያኖረ፥ ምግቡን ከዝንብ የከደነ፥ ማድ ቤቱን ለማሳየትም ቅር የማይለው ባለቤት፥ ግድግዳው ቀለም ባይቀባም እንግዳ ሊበዛለት ይገባል።

የአገሩ ሙቀት ስለሚያስጠማ በበረዶ የቀዘቀዘ ጭማቂ ያምራል፤ በረዶው ከምን ውሃ እንደ ተሠራ እስኪታወቅ ድረስ ግን ትኩስ ሻይ ማዘዝ ይሻላል።