የአቃቂ ማሳዎች፣ ተባይና የፀረ ተባይ አጠቃቀም

የአዲስ አበባ ደቡባዊ መውጫ የሆነው የአቃቂ ቃሊቲ አካባቢ በአብዛኛው የሚታወቀው በፋብሪካዎቹና በመጋዘኖቹ ነው። ይሁንና የአቃቂን ወንዝ ተከትለው የለሙ የመስኖ ማሳዎች ጎመን፣ ቆስጣ፣ ሰላጣና ሌሎች አትክልቶችን ለመዲናዋ ገበያ ሲያቀርቡ ኖረዋል። የአካባቢው ጥቁር አፈርም ለጤፍ፣ ለስንዴ፣ ለሽምብራና ለምስር የተመቸ ነው። በመሆኑም በእነዚህ ማሳዎች ላይ የሚካሄደው የፀረ ተባይ ርጭት ከአርሶ አደሩ አልፎ የሸማቹና የአስፈጻሚ አካላትም ጉዳይ ነው።

ሰብሉን የሚያጠቁት ነፍሳት በአመጋገባቸው በሁለት ይከፈላሉ። የመጀመሪያዎቹ እንደ ክሽክሽና ነጭ ዝንብ ያሉት የተክሉን ፈሳሽ የሚመጡ ናቸው። ክሽክሽ ያለ ተራክቦ ጭምር ስለሚራባ በጥቂት ቀናት ውስጥ ቅጠሉን ይሸፍናል፤ የቫይረስ በሽታንም ከተክል ወደ ተክል ያስተላልፋል። ሁለተኛዎቹ ቅጠል በል የሆኑት ናቸው። ከእነዚህም መካከል ጎመንን የሚበሳሱ የእሳት እራት ትሎች እንዲሁም ተምች ይጠቀሳሉ።

ይህ ልዩነት ለኬሚካል መረጣ ወሳኝ ነው። በተክሉ ውስጥ የሚሰራጩ ፀረ ተባዮች ፈሳሽ መጣጮችን ለመቆጣጠር ያስችላሉ። በአንጻሩ ትልን ብቻ ለይተው የሚገድሉ ባክቴሪያ ወለድ ፀረ ተባዮች በክሽክሽ ላይ ፋይዳ የላቸውም። ሁሉንም ነፍሳት የሚገድል ኬሚካል በተደጋጋሚ ሲረጭ ደግሞ ክሽክሽን የሚመገቡ ጥንዚዛዎችና ጥገኛ ተርቦች አብረው ስለሚያልቁ ክሽክሹ ከቀድሞው በርትቶ ይመለሳል። የጎመን የእሳት እራት እ.ኤ.አ. በ1953 በኢንዶኔዥያ ዲዲቲን መቋቋሙ መረጋገጡ፣ አንድን ኬሚካል ደጋግሞ መርጨት የሚያስከትለውን መዘዝ ቀደም ብሎ ያሳየ ነበር።

በሕግ ረገድ አገራችን መሠረቱን ጥላለች። የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 ያልተመዘገበ ፀረ ተባይ ወደ አገር እንዳይገባ፣ እንዳይሸጥና ጥቅም ላይ እንዳይውል ይደነግጋል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2003 ያጸደቀችው የስቶክሆልም ስምምነት የዲዲቲን አጠቃቀም በሽታ አስተላላፊ ነፍሳትን ለመከላከል ብቻ ወስኗል። በአዋሽ ሸለቆ የጥጥ እርሻዎች በስፋት ይረጭ የነበረው ኢንዶሰልፋንም እ.ኤ.አ. በ2011 በስምምነቱ የክልከላ ዝርዝር ውስጥ ገብቷል። ያለ ዕቅድ የሚገዛ ኬሚካል ምን ያህል ዕዳ እንደሚሆንም አገሪቱ አይታለች፤ በየመጋዘኑ ተከማችቶ ጊዜው ያለፈበት ከ1 ሺህ ቶን በላይ ፀረ ተባይ ወደ ፊንላንድ ተጭኖ እንዲቃጠል መደረጉ የሚታወስ ነው።

ዋናው ክፍተት የሚታየው በሕጉና በማሳው መካከል ነው። ለአብነት ቆስጣን እንመልከት። ቆስጣ እንደ ጥቅል ጎመን በአንድ ጊዜ አይነሳም፤ ቅጠሉ ከአንዱ ተክል በየተወሰኑ ቀናት ይለቀማል። በመሆኑም በርጭትና በለቀማ መካከል ሊጠበቅ የሚገባው ጊዜ ከገበያው ጥድፊያ ጋር ይጋጫል። አርሶ አደሩ በመለያው ላይ የተጻፈውን የቀናት ብዛት ካላከበረ ቅሪቱ በቀጥታ ወደ ሸማቹ ማዕድ ይደርሳል። በአንጻሩ ካከበረ የዕለት ገቢውን ሊያጣ ይችላል። ይህን ግጭት ሳይፈቱ አርሶ አደሩን ብቻ መውቀስ መፍትሔ አይሆንም።

የውኃው ጉዳይም የሚዘነጋ አይደለም። የአቃቂ ወንዝ ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ፣ ከዚያም ወደ አዋሽ ይፈሳል። የአቃቂ የከርሰ ምድር ውኃ ጉድጓዶችም የመዲናዋ የመጠጥ ውኃ ምንጭ ናቸው። ስለሆነም የመርጫ መሣሪያን በወንዝ ዳር ማጠብና ባዶ ዕቃን በማሳ መጣል ከማሳው ባለቤት አልፎ የከተማውን ነዋሪ የሚጎዳ ድርጊት ነው።

ይህ ሲባል ግን ፀረ ተባይ ጨርሶ አያስፈልግም ማለት አይደለም። መጤው ተምች እ.ኤ.አ. በ2017 ወደ አገሪቱ ገብቶ በቆሎን ባጠቃበት ወቅት በእጅ ከመልቀም ጎን ለጎን ርጭት ማካሄድ የግድ ሆኖ ነበር። ተገቢው አካሄድ ኬሚካልን የመጀመሪያ ሳይሆን የመጨረሻ አማራጭ የሚያደርገው የተቀናጀ የተባይ መከላከል ዘዴ ነው። ይኸውም በየሳምንቱ ማሳን ማሰስ፣ ሰብልን ማፈራረቅ፣ የተጠቁ ቅጠሎችን ማስወገድ፣ የተባዩ መጠን ጉዳት ከሚያደርስበት ደረጃ ሲደርስ ብቻ የተመዘገበ ኬሚካል በተወሰነለት መጠን መርጨትና የኬሚካሉን ዓይነት ማፈራረቅን ያካትታል።

ለዚህም ተግባራዊነት በየወረዳው የሚገኙ የግብርና ባለሙያዎች ከቢሮ ወጥተው ርጭቱ በሚካሄድበት ማሳ ሊገኙ ይገባል። የፀረ ተባይ ቸርቻሪዎች ፈቃድና የሚሸጡት ኬሚካል ምዝገባ በየጊዜው መፈተሽ ይኖርበታል። የአትክልት ገበያዎች የቅሪት ናሙና ምርመራም የአንድ ወቅት ዘመቻ ሳይሆን መደበኛ ሥራ ሊሆን ይገባል። የግብርና፣ የጤና፣ የውኃና የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቶች መረጃ ሳይለዋወጡ በየፊናቸው የሚያደርጉት ጥረት የተፈለገውን ውጤት አያስገኝም። የአዋጁ ፋይዳ የሚለካው በአቃቂ ዳር የተለቀመው ቆስጣ ያለ ስጋት ለምግብነት ሲውል ነው።